ጠንቅ፣ ሥጋትና አደጋ፤ ለቤት ለቤት ጤና ሠራተኞች የምስለ ቤት ሥልጠና የሚያስፈልጉ ቃላት

በዚህ ጽሑፍ ወደ ገጠር ቤቶች እየገቡ የቤተሰብን ጤና የሚጠብቁ ሠራተኞች በሥልጠና ጊዜ የሚያስፈልጓቸውን ጥቂት ቃላት እንመረምራለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም አንዲት ሠልጣኝ በአንድ ቤት ውስጥ ጉዳት ከመድረሱ አስቀድሞ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር ለይታ እንድታይ በአማርኛ ምን ብለን እናስተምራት? የሚል ነው። ነገሩ የስያሜ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ስም ያልወጣለት ነገር በዐይን ፊት ተቀምጦም ስለሚታለፍ፣ የስያሜው ጉድለት የሕፃናትንና የእናቶችን ደኅንነት እስከ መንካት ይደርሳል።

የጉዳዩ መነሻ

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚሁ መሠረት 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደረገ፤ ሠራተኞቹም ከጥቂት አካባቢዎች በቀር ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያው አሠራር አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣቶች ተመርጠው ለአንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር። ትምህርታቸው 16 ክፍሎች ነበሩት፤ እነዚህም በአራት ዐበይት ርእሶች፣ ማለትም በንጽሕናና በአካባቢ ጤና፣ በበሽታ መከላከል፣ በቤተሰብ ጤና፣ እንዲሁም በጤና ትምህርት ሥር የተመደቡ ነበሩ። ሠራተኞቹ በጤና ኬላ ከሚሰጡት አገልግሎት ሌላ በየቤቱ እየዞሩ ማየትና ማስተማር ዋና ተግባራቸው ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዷ በአዴት ዙሪያ፣ አለዚያም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት መንደሮች በአንዱ ወደ አንድ ቤት ገባች እንበል። በሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ተጥዷል። ከምድጃው አጠገብ የሚድኽ ሕፃን አለ። ከመደቡ ራስጌ የበቆሎ ጎታ ቆሟል፤ ከጎታው ሥር ሃይላንድ እየተባለ በሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ አንድ ነገር ተቀምጧል። ከምሰሶው ላይ ኩራዝ ተንጠልጥሏል፤ በአንድ ወገን ደግሞ ከብት የሚያድርበት ጋጥ አለ። ሠራተኛዋ ያደገችው እንዲህ ባለ ቤት ከሆነ ይህ ሁሉ ለእርስዋ የዘወትር ነገር ነውና፣ ከመልመዷ የተነሣ ሳታስተውለው ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ ሥልጠናው የለመደችውን ቤት እንደ እንግዳ ቤት እንድታየው ማድረግ ይኖርበታል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ዐይነቱ ችግር የተዘጋጀ አንድ ዘዴ አለ። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕሙማንን በየቤታቸው ለሚረዱ ሠራተኞች በኮምፒውተር የሚታይ ቤት ሠርተዋል። ሠልጣኙ በስክሪኑ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ጉዳት ሊያመጡ የሚችሉትን ነገሮች ለይቶ ያመለክታል፤ ምን ሊደረግ እንደሚገባም ይመርጣል። ቢሳሳት የሚቃጠል ወይም የሚወድቅ ሰው የለም፤ ደግሞ ይሞክራል። የኛን ምድጃና የኛን ጎታ የያዘ ቤትም በዚሁ ዘዴ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን አስተማሪው «በዚህ ቤት ውስጥ ያለውን አደጋ ፈልጊ» ቢላትና ሠልጣኟ «አደጋማ አልደረሰም፤ ሁሉም ደኅና ነው» ብላ ብትመልስ ስሕተቱ የእርስዋ አይደለም። አማርኛው እንዲሁ ይላልና።

አንድ ቃል ለሦስት ነገር

«አደጋ» በአማርኛ ድንገት የሚደርስ ክፉ ነገር ነው። በቀድሞው የጦርነት አነጋገር «አደጋ ጣለ» ማለት ሳይታሰብ ደርሶ ወጋ ማለት ነበር። ዛሬም «የመኪና አደጋ»፣ «የእሳት አደጋ» ስንል የምናስከትለው ግስ «ደረሰ» የሚለው ነው። አደጋ ይደርሳል እንጂ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ይህም ሁሉ ሆኖ እንግሊዝኛው «ሃዛርድ»፣ «ሪስክ» እና «አክሲደንት» ብሎ የሚለያቸው ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ሦስቱም «አደጋ» ይባላሉ።

የጽንሰ ሐሳቦቹ ልዩነት ግልጽ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት መመሪያ የመጀመሪያው በባሕርዩ ጉዳት የማድረስ ዐቅም ያለውን ነገር የሚያመለክት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎጂው ነገር የመድረሱ ዕድልና የሚያስከትለው ጉዳት ክብደት ተዳምረው የሚታዩበት ነው። ይህን ወደ ቤታችን አምጥተን እንየው። ዝቅ ባለ ጉልቻ ላይ የተጣደው የሚፈላ ድስት አንድ ነገር ነው። የሚድኸው ልጅ ድስቱን የመድረሱ ዕድልና ቢደርስበት የሚያገኘው ቃጠሎ ክብደት ሌላ ነገር ነው። ድስቱ ተገልብጦ በልጁ ላይ መፍሰሱ ሦስተኛ ነገር ነው፤ በገላው ላይ የቀረው ቁስል ደግሞ አራተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ሴቶችና ሕፃናት የሚቃጠሉት በአብዛኛው በማድ ቤት ነው። ሠራተኛዋ ልትረዳ የምትችለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ነው። ከሦስተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ይሆናል።

ስለሆነም ለመጀመሪያው «ጠንቅ»፣ ለሁለተኛው «ሥጋት»፣ ለሦስተኛው «አደጋ»፣ ለአራተኛው «ጉዳት» የሚሉትን ቃላት አቅርበናል። አራቱም ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናቸው። «ለጤና ጠንቅ ነው» የሚለው አነጋገር በከተማም በገጠርም ይሰማል። በተጨማሪም «ጠንቅ» እና «ጥንቃቄ» በሥር ይዛመዱም አይዛመዱ ጆሮ ያገናኛቸዋል፤ ጠንቅ ባለበት ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብሎ ለማስተማር ይመቻል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ጠንቁ ለኛ ተረፈ» ሲባል ቃሉ ውጤትን እንጂ ምክንያትን አያመለክትም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱም ፍች አለው። የሙያ ቃል ግን ካሉት ፍችዎች አንዱን መርጦ ማጥበቅ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚህ ሙያ የምክንያትነቱን ፍች እንወስዳለን። ሁለተኛው «ሥጋት» የልብ ስሜት ነው፤ በቁጥር ሊመዘን አይችልም የሚል ነው። ለዚህ መልሱ በመንግሥት አሠራር ተገኝቷል። የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በሚለው ስም ውስጥ «አደጋ» የሚደርሰውን፣ «ሥጋት» ደግሞ አስቀድሞ የሚመዘነውን ያመለክታሉ። እኛም የተጀመረውን መንገድ መከተል ይሻለናል።

«የአደጋ መንሥኤ» የሚለው ሐረግም ለ«ጠንቅ» ምትክ ሆኖ ሊቀርብ ይችል ነበር። ነገር ግን መንሥኤ የሚመረመረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ምንም ባልደረሰበት ቤት የማን መንሥኤ ይፈለጋል?

ስሙ የሚሸፍነው ጠንቅ

አንዳንድ ጠንቅ ደግሞ ስም ስላጣ ሳይሆን ያለው ስም ስለሚያሳስት ይሸፈናል። ከሁሉ የሚብሰው ምሳሌ «መድኃኒት» ነው። የዚህ ቃል ሥር በግዕዝ «ድኅነ» የሚለው ግስ ሲሆን መዳንን ያመለክታል። በንግግር ግን የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድነት «መድኃኒት» እንላለን፤ የዐይጥ መድኃኒት፣ የቁንጫ መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት እያልን እንጠራለን። ሠራተኛዋ «በቤታችሁ መድኃኒት አለ?» ብላ ብትጠይቅ የቤቱ እመቤት ከጤና ኬላ የተሰጣትን ክኒን ታሳያት ይሆናል፤ በጎታው ሥር ያለው ግን ሳይነሣ ይቀራል።

በቆሎ በሚበዛበት በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ ከሚውሉት ኬሚካሎች አንዱ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን በክኒን መልክ ይሸጣል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህም ጋዝ ማርከሻ የለውም። ስለዚህ ጎታው በመኝታ አጠገብ ከቆመ በእህሉ ውስጥ የተጨመረው ክኒን በአካባቢው ለሚተኙት ሁሉ ጠንቅ ነው። «ክኒን» የሚለው ስምም፣ «መድኃኒት» የሚለው ስምም ይህን ከመግለጥ ይልቅ ይደብቁታል። የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 «ፀረ ተባይ» ይለዋል። ሠራተኛዋ ይህን ቃል ልታውቅና ልታስተምር ይገባል። ቤተሰቡን ስትጠይቅ ግን በሚያውቁት ስም ሁሉ፣ የነቀዙንም የዐይጡንም የቁንጫውንም እየዘረዘረች መጠየቅ አለባት።

ሁለተኛው ምሳሌ «ጭስ» ነው። ከምድጃ የሚወጣው ጭስ ዐይን ስለሚለበልብ ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን የማድ ቤት ሕይወት ተፈጥሯዊ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በተበከለ አየር ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደነበሩ ገምቷል። በሌላ በኩል በደንብ የተያያዘ ከሰል ጭስ አይታይበትም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። «የከሰል ጭስ ገደለው» ብለን የምንናገር ከሆነ፣ ሰሚው ጭስ እስካላየ ድረስ ቤቱ ደኅና ይመስለዋል። ስለዚህ በሥልጠናው «የከሰል ጋዝ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

«አስመሳይ» ወይስ «ምስለ»?

አሁን ወደ ዘዴው ስም እንለፍ። እውነተኛውን ሥራ ከመሥራት በፊት በምሳሌው መለማመድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ከተማረው ሙያ ወናፍን ወስዶ፣ ከመሬት ሳይነሣ እንደ አውሮፕላን የሚያዘነብል መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ አስሙንድ ላርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት አምራች ትንፋሽ ለመስጠት የሚለማመዱባትን አሻንጉሊት አወጣ። ዛሬ አብራሪዎችም ሐኪሞችም በዚህ መንገድ ይሠለጥናሉ። በኮምፒውተር የሚታየውም ቤት የእነዚሁ ታናሽ ነው።

በእንግሊዝኛ ዘዴው «ሲሙሌሽን» ይባላል። ይህን በቀጥታ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ማስመሰል» ይሆናል። ነገር ግን «አስመሳይ» በአማርኛ ግብዝ ማለት ነው፤ «የማስመሰል ሥልጠና» ቢባል ሰሚው የውሸት ሥልጠና ተሰጠ ብሎ ይረዳዋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው በዚህ ስም የተጀመረ ሥራ ከመነሻው ክብር ያጣል።

«ቨርቹዋል» ለሚለው ቃል በብዙ ጽሑፎች «ምናባዊ» የሚል ትርጉም ተሰጥቷል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ለሌላ አገልግሎትም ይቆይ። ለያዝነው ጉዳይ ግን ችግር አለበት። ምናብ በአእምሮ የሚፈጠር ነው፤ ሠልጣኟ በስክሪኑ ላይ የምታየው ምድጃ ግን በዐይን የሚታይ፣ ከእውነተኛው ተቀድቶ የተሣለ ነው። አስተማሪው የሚፈልገውም እንድታስተውል እንጂ እንድታልም አይደለም።

እኛ የምናቀርበው «ምስለ» የሚለውን ነው። ይህም «ምስል» የሚለው ስም ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ የሚይዘው መልክ ነው። አናባቢው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ቤተ መንግሥት»፣ «መዝገበ ቃላት» እንላለን። የፍኖተ ሰላም ሰው የከተማውን ስም በጠራ ቁጥር «ፍኖት» የሚለውን ስም ከ«ሰላም» ጋር እያናበበ ነው። ቀደም ሲል የአገረ ገዥ ምትክ ሆኖ ይሠራ የነበረው ሹም «ምስለኔ» ይባል ነበር፤ እኔን መሳይ፣ በእኔ ቦታ የቆመ ተብሎ ይፈታል። በዚህ ስም ውስጥ ማስመሰል እንጂ ግብዝነት የለም፤ በሌላው ስፍራ ቆሞ የእርሱን ሥራ መሥራት ነው። የሥልጠናውም ቤት እንዲሁ በእውነተኛው ቤት ስፍራ የቆመ ነው። በግዕዝ «ምስለ» «ከ… ጋር» የሚል ፍችም እንዳለው እናውቃለን፤ በአማርኛ ግን በዚህ ፍች ስለማይነገር መደናገር አይፈጥርም።

ስለሆነም ለዘዴው በጠቅላላ «ምስለ ተግባር»፣ ለሥልጠናው ቤት «ምስለ ቤት» እንዲባል እናቀርባለን። በዐይነት መለየት ሲያስፈልግ «የኮምፒውተር ምስለ ቤት» ማለት ይበቃል።

ቃላቱ በሥራ ላይ

ይህ የመጨረሻው አነጋገር አንድ ጥቅም አለው። ኮምፒውተር ከሌለም ምስለ ቤት ሊኖር እንደሚችል ያስታውሳል። በሥልጠና ጣቢያው ግቢ በጭቃና በእንጨት አንድ ክፍል መሥራት፣ ጉልቻ መትከል፣ ጎታ ማቆም፣ ኩራዝ መስቀል፣ በሃይላንድ ውስጥ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ቀድቶ ላምባ ወይም ፀረ ተባይ ነው ማለት ይቻላል። ሠልጣኟ ትገባለች፤ ያየችውን ጠንቅ ትሰይማለች፤ የእያንዳንዱን ሥጋት ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ ብላ ትመዝናለች፤ ከዚያም ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ ሊስተካከል የሚችለውንና ገንዘብ የሚጠይቀውን ትለያለች። ጠርሙስን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ወጪ የለውም፤ ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ መግዛት ግን ወጪ አለው። ለራሷም የሚሆነውን ጠንቅ፣ ለምሳሌ በደጅ ያልታሰረውን ውሻ፣ መርሳት የለባትም።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቃል ብቻውን ጭስን አያስወጣም፤ በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ጠንቅ የሚለውን የምታውቅ ሠራተኛ ከቤቱ ስትወጣ በመዝገቧ ላይ የምትጽፈው አላት፤ አደጋን ብቻ የምታውቀው ግን «ምንም የለም» ብላ ትጽፋለች። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

በመጨረሻ ስለ አነጋገሩ አንድ ነገር እንጨምራለን። «ቤትዎ ጠንቅ አለበት» ማለት የቤቱን እመቤት መውቀስ ነው፤ ሠራተኛዋም ሁለተኛ በዚያ ደጅ በደስታ አትቀበልም። «እናቴ፣ ይህ ጠርሙስ ለልጅዎ ጠንቅ እንዳይሆን ከፍ አድርገን እናስቀምጠው» ብትል ግን ቃሉ ያው ሆኖ ወቀሳው ወደ አሳቢነት ይለወጣል። በሥልጠናው ከስያሜው ጋር ይህ አነጋገር አብሮ ሊሰጥ ይገባል።

የቀረቡት ቃላትና ፍቻቸው

ጠንቅ፤ በባሕርዩ ወይም ባለበት ሁኔታ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ዕቃ፣ ሥፍራ ወይም ልማድ። ምሳሌ፤ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ለልጆች ጠንቅ ነው።

ሥጋት፤ ጠንቁ ጉዳት የማድረሱ ዕድል ከጉዳቱ ክብደት ጋር ተመዝኖ ሲታይ። ምሳሌ፤ ጉድጓዱ ሲከደን ሥጋቱ ይቀንሳል።

አደጋ፤ ከጠንቅ የተነሣ ድንገት የደረሰ ክፉ ነገር። ምሳሌ፤ ልጁ ጉድጓድ ውስጥ በመውደቁ አደጋ ደረሰበት።

ጉዳት፤ አደጋው በሰው አካል ወይም በንብረት ላይ የተወው ውጤት።

የጠንቅ ልየታ፤ ጠንቆችን አንድ በአንድ ፈልጎ የመሰየም ተግባር።

ፀረ ተባይ፤ ነቀዝን፣ ዐይጥንና ሌሎች ተባዮችን ለማጥፋት የሚውል ኬሚካል። ለሰው ከሚሰጠው መድኃኒት ተለይቶ ይጠራ።

የከሰል ጋዝ፤ ከሰል በተዘጋ ሥፍራ ሲነድ የሚወጣ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ።

ምስለ ተግባር፤ እውነተኛውን ሥራ ከመሥራት በፊት በምሳሌው የሚደረግ ልምምድ።

ምስለ ቤት፤ ለጠንቅ ልየታ ሥልጠና በኮምፒውተር ወይም በግንባታ የተዘጋጀ፣ በእውነተኛው ቤት ስፍራ የሚቆም ቤት።

በአዴት፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢያቸው የምትኖሩ አንባብያን ለእነዚህ ነገሮች በየመንደሩ የሚነገሩትን ስሞች ብትልኩልን በምስጋና እንቀበላለን። በተለይ በጎታ ለሚጨመረው ክኒን ሕዝቡ ያወጣውን ስም ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ሠራተኛዋ በየቤቱ ስትጠይቅ የሚመለስላት ያ ስም ነውና።